አስኳላና ቁርኣን ቤት

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ልጃችሁ ግማሹን ቀን ደብተሩን ይዞ መንግሥት ትምህርት ቤት ይውላል፣ ግማሹን ቁርኣኑን አቅፎ መድረሳ ይሄዳል። ለብዙ አያቶቻችን ግን ጉዳዩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበር። ለምን?

በአገራችን ትምህርት በአስኳላ አልተጀመረም። የካህናት ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ፣ የሙስሊሙ ልጆች በእንጨት ሉሕ ላይ አሊፍ፣ ባ እያሉ ያድጉ ነበር። ወደ ሐረር፣ በወሎም ወደ ዳናና ወደ ጀማ ንጉሥ ደረሳው ኪታብ ፍለጋ ይጎርፍ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ መንግሥት ያሳሰበው የቤተ ክህነት ቅሬታ ነበር። ካህናቱ የውጭ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለ ሰጉ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ልብ በሉ! በዚያ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ይሰጥ ነበር፤ ዐረብኛን ለዘመናት ያስተማሩት ዐሊሞቻችን ግን በሥርዓቱ ቦታ አላገኙም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና።

እንግዲህ ልጁን ከአስኳላ ያስቀረ አባት ዕውቀት ጠልቶ አልነበረም፤ ልጄ ከዲኑ ይወጣብኛል ብሎ ፈርቶ እንጂ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ቁርኣን ያኸተመ ሰው ማመልከቻ የሚጽፍለት ፈላጊ ሆነ።

በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ በእነዚህ ከተሞችም አፋን ኦሮሞ የክፍል ቋንቋ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ደነገገ።

ይህ ድንጋጌ ለወላጅ ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፣ የአያቶቻችን ስጋት ምክንያቱ ተነሥቷል። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ለልጃችሁ ሶላት አያስተምርም፤ ያ የቤትና የመድረሳ አደራ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት አስመዝግቦ መድረሳን የሚረሳ ወላጅ አደራውን በግማሽ ትቶታል፤ ወንዱን አስተምሮ ሴቷን ለቤት ሥራ የሚያስቀርም እንዲሁ።

በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከበድር ምርኮኞች መካከል መጻፍ የሚችሉት የመዲናን ልጆች በማስተማር ራሳቸውን እንዲዋጁ ፈቅደዋል። እነዚያ መምህራን ሙሽሪኮች ነበሩ። ልጆቹ ግን ፊደሉን ከእነርሱ፣ ዲናቸውን ከቤታቸውና ከመስጂዳቸው ወሰዱ።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን። አሚን።