ከማኅተም ወደ እንጨት፦ የሕትመት ሥዕል ታሪክ ከሐረር ሲታይ



ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕትመት ሥዕል የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ ጀርመናዊ ነው። ሃንሰን ባሂያ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ቅርጽ ሕትመት አስተማረ። ይህ ሐሰት አይደለም። ከጁገል ቅጥር ውስጥ ሆኖ ለሚመለከተው ግን ታሪኩ ከመካከሉ የተጀመረ ይመስላል።

በሐረር ቁርአን በእጅ ይጻፍ፣ በእጅም ይጠረዝ ነበር። ጠራዡ ሽፋኑን በቆዳ ካለበሰ በኋላ የተቀረጸ ማኅተም ይጫንበታል፤ በመካከሉ አንድ ትልቅ ጌጥ፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ትናንሽ ጌጦች ታትመው ይቀራሉ። ያው ማኅተም በሌላ መጽሐፍ ላይ ሲያርፍ ያንኑ ጌጥ ይደግማል። የብራና መጻሕፍትን የሚደጉሰው ክርስቲያንም በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ሲያትም ኖሯል። ይህ ሕትመት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ቀለም የለውም፣ ከመጽሐፉ ተለይቶ በየሰው እጅ የሚገባ ሥዕልም አይወጣበትም። ነገር ግን ቀርጾ፣ ተጭኖ፣ አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ ማውጣት ለአገሩ እጅ እንግዳ አልነበረም።

የማተሚያ መኪናም ቢሆን ሐረርን ቀድሞ አውቋታል፤ የካፑቺን ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በፈረንሳይኛ መጽሔት ያሳትሙባት ነበር።

ባሂያ ራሱስ ንጹሕ ምዕራባዊ ነበርን? ስሙን የወሰደው ከኖረባት የብራዚል ግዛት ነው። ለተማሪዎቹ ያስረከበው በዋናነት መሮውንና የአሠራሩን ሥርዓት ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዘሪሁን የትምጌታ በእንጨት ቅርጽ ጀምሮ የክታብን ዓይኖችና ጥልሰም ወደ ሥራው አመጣ፤ በኋላም በሸንበቆ ላይ በተወጠረ ቆዳ እስከ መሥራት ደረሰ። መጽሐፍ የሚያለብሰውና ሥዕል የሚሸከመው ያው ቆዳ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ዛሬ ግን በትምህርት ክፍሎቻችን የእንጨቱ ሕትመት «ሥነ ጥበብ»፣ የጠራዡ ማኅተም «ዕደ ጥበብ» ተብለው በተለያየ ክፍል ይሰጣሉ። ይህን ክፍፍል አልቀበለውም። አብዱላሂ ሸሪፍ በሐረር ባቋቋሙት ሙዚየም የእጅ ጽሑፎች ተሰብስበዋል፤ የጠረዛው ሙያም በእርሳቸው ጥረት ዳግም ሕይወት አግኝቷል። የሕትመት ተማሪዎቻችን ወደዚያ ሄደው፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደው፣ የየሽፋኑን ጌጥ በወረቀትና በእርሳስ ቢገለብጡ፣ የትኛው ማኅተም በየትኞቹ መጻሕፍት ላይ እንዳረፈ ማነጻጸር ይቻላል።