መብራት በጠፋበት ሌሊት የታሰበው ሣጥን

እኛ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ሻማ እንፈልጋለን፣ መንግሥትን እናማለን፣ ከዚያም እንተኛለን። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ በሌላ አገር የጠፋ መብራት ነው። ከተማዋ የአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ፣ ቀኑም ኦክቶበር 31 ቀን 1957 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያ ዘመን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ ከልባቸው ሽንቁር ጋር የተወለዱ ሕፃናትን ልብ ከፍቶ መስፋት ጀምሮ ነበር። ሥራው ዕፁብ ቢሆንም አንድ መዘዝ ነበረው። ከዐሥር ሕፃናት ባንዱ ላይ ገደማ መርፌው የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያስተላልፈውን ክፍል ይጎዳና ምቱ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይቆማል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሽራል፤ ጭንቁ ሕፃኑን እስከዚያ በሕይወት ማቆየቱ ነበር። የቦስተኑ ሐኪም ፖል ዞል በ1952 ያቀረበው መሣሪያ በደረት ቆዳ በኩል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ ስለ ነበር ቆዳ ያቃጥላል፣ ያሠቃያል። ሊለሃይ በ1957 መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ከልብ ጡንቻ ጋር ሲያገናኝ ጥቂት ቮልት ብቻ በቂ ሆነ። ይሁንና የሽቦው ሌላ ጫፍ ከትልቅ መሣሪያ፣ መሣሪያውም ከግድግዳው ሶኬት ጋር የተያያዘ ነበር። ሕፃኑ ከአልጋው መራቅ የሚችለው ገመዱ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው።

ያን ዕለት መብራት ጠፋ። ኧርል ባከን በኋላ እንደተረከው አንድ ሕፃን ሞተ። ሊለሃይም በማግሥቱ ባከንን ጠርቶ በባትሪ የሚሠራ ነገር እንዲያበጅለት ጠየቀው።

እንግዲህ ይህ ባከን ማን ነበር? የታወቀ ሳይንቲስት አልነበረም፤ ባለፋብሪካም አልነበረም። ጠጋኝ ነበር። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት እየተከታተለ ሳለ ባለቤቱ በምትሠራበት ሆስፒታል የተበላሹ መሣሪያዎችን ሲጠግን ሥራው እንደሚያበላ ታየውና በ1949 ከዋርሳው ከፓልመር ሄርመንድስሊ ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሜድትሮኒክ የተባለ የጥገና ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያው ወር ገቢያቸው 8 ዶላር ነበር። ለስምንት ዓመታት ያህል የሌላ ሰው የሠራውን መሣሪያ እየፈታ ገጠመ፤ በየሕሙማን ክፍሉ እየገባ ሐኪሙ የሚጎድለውን በዓይኑ አየ። ጥያቄው ሲመጣለትም በ1956 በአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ያየው የሜትሮኖም ንድፍ ትዝ አለው። ሜትሮኖም ሙዚቃ ተማሪዎች ምት የሚጠብቁባት መሣሪያ ናት። ባከን የንድፉን ሁለት ትራንዚስተሮች ይዞ፣ ወደ ድምፅ ማጉያ ይሄድ የነበረውን ምት ወደ ልብ መራው። አራት ሳምንት ብቻ ፈጀበት። ሣጥኗ በእጅ መዳፍ የምትያዝ ናት።

በላቦራቶሪ በውሻ ላይ ተሞከረች። በማግሥቱ ባከን ለሌላ ጉዳይ ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ ያቺው የሙከራ ሣጥን ከአንድ ሕፃን ጋር ተያይዛ አገኛት። ደነገጠ። ሊለሃይ ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ እያለ ሕፃን እንዲሞት እንደማይፈቅድ ነገረው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ድርጊት ሐኪሙንም መሐንዲሱንም ፍርድ ቤት ያቆማል። አሜሪካ ራሷ በ1976 የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠር ሕግ ያወጣችው በደኅንነት ያልተፈተሹ መሣሪያዎች ሰው ስለ ጎዱ ነው። ሕጉ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም እኛ ሕጉን ስንኮርጅ ከሕጉ በፊት የነበሩትን ጠጋኞች አብረን አልኮረጅናቸውም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በኦክቶበር 8 ቀን 1958፣ በስቶክሆልም ከተማ ኦኬ ሴኒንግ የተባለ ሐኪም ሩኔ ኤልምክቪስት የተባለ መሐንዲስ የሠራውን ፔስሜከር በአርኔ ላርሰን ሆድ ቆዳ ሥር ቀበረ፤ እንዲህ ያለው ሥራ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ላርሰን የ43 ዓመት ሰው ሲሆን በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሁለቱ ሰዎች የሚተከል መሣሪያ ገና አልተዘጋጀም ቢሉም ሚስቱ ኤልሰ ማሪ እየተመላለሰች አላስቀምጥ አለቻቸው። ኤልምክቪስት ትራንዚስተሮቹንና ባትሪዎቹን በሙጫ ያሸጋቸው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ እየቀረጸ ነው! የእኛ ሊስትሮዎች በየቀኑ የሚጥሉት ቆርቆሮ ማለት ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ሞተ፤ ሁለተኛውም ብዙ አልቆየም። ላርሰን ግን በዕድሜው 26 ፔስሜከር ቀያይሮ፣ መሐንዲሱንም ሐኪሙንም ቀብሮ፣ በ2001 በ86 ዓመቱ በካንሰር ሞተ።

የአሜሪካዊው ዊልሰን ግሬትባች ታሪክ በየመጽሐፉ ስላለ አሳጥረዋለሁ። የልብ ድምፅ መቅጃ ሲሠራ በስሕተት የተሳሳተ ሬዚስተር አስገባ፤ ዑደቱ እንደ ልብ ይመታ ጀመር። ሥራውን ለቆ፣ ያጠራቀመውን 2,000 ዶላር ይዞ፣ ከቤቱ ጀርባ ባለ ጎተራ ውስጥ ገባ። በ1960 መሣሪያው ቡፋሎ ውስጥ በሰው ላይ ተተከለ።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሁልጊዜ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ «እነሱ እኮ ሀብታም አገሮች ናቸው» ይሉኛል። እኔም ኡራጓይን እጠቅሳለሁ። በ1960 መጀመሪያ፣ የሕዝቧ ብዛት ከሦስት ሚሊዮን ባነሰበት ዘመን፣ ኦሬስቴስ ፊያንድራ የተባለ ሐኪም ከባልደረባው ጋር በሞንቴቪዴዮ የኤልምክቪስትን መሣሪያ በአንዲት ሴት ላይ ተከለ። ፊያንድራ ቆየት ብሎ በዚያችው ከተማ የራሱን የፔስሜከር ፋብሪካ አቋቋመ። ኡራጓይ ያን ጊዜ በከብት ሥጋና በሱፍ የምትታወቅ አገር ነበረች።

ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክና ስለ ሞባይል መገጣጠሚያ ፋብሪካ የሚደረገውን ውይይት ስሰማ የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ፋብሪካ እንቆጥራለን እንጂ ጠጋኝ አንቆጥርም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ልቧን ታማ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የለጋሹ ስም ገና ያልተላጠበት፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የልብ መከታተያ መሣሪያ ቆሟል። የጥገና ባለሙያው የቀድሞ ተማሪዬ ሆኖ አገኘሁት። የተቃጠለው ፊውዝ ሳይሆን አይቀርም አለኝ፤ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። «ታዲያ ለምን አትከፍተውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ነው። ከፍቼው ቢበላሽ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ባልከፍተው ግን ማንም አይጠይቀኝም» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥም የላቦራቶሪያችንን መሣሪያ እንዲፈታ አንድም ቀን አልፈቀድሁለትም፣ እኔም ፈርሜ የተረከብሁት ንብረት ነበርና። እናቴን በማግሥቱ ወደ ግል ሆስፒታል ወሰድናት። ከሳምንት በኋላ የቀረ ወረቀት ልወስድ ስመለስ መሣሪያው ከነጨርቁ እዚያው ነበር።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለቆ ሞባይል ይጠግናል። ባለፈው ስልኬን ወስጄለት ዓይኔ እያየ ፈታው፣ በአሥር ደቂቃም መለሰልኝ። ዋጋ አልቀበልም አለኝ።