ፊደል ከመቍጠር በፊት፦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የሕፃናት ዓይን



በኢትዮጵያ ክብ ሆኖ የሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። ሥዕሉ በብዛት የሚገኘው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳውን በቅርብ ለማየት ወደ ቅድስት መዝለቅ ያስፈልጋል፤ ወደዚያ የሚዘልቁት ደግሞ ቆራቢዎች ናቸው። ከቆራቢዎቹ መካከል ዘወትር የማይታጡት በእናቶቻቸው ጀርባ የታዘሉና በእጅ የተያዙ ሕፃናት ናቸው። ብዙው ጎልማሳ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ሲያስቀድስ፣ ሕፃኑ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ እንዳለ ፊት ለፊት ያየዋል። ፊደል ሳይቆጥር ያነበበው የመጀመሪያ መጽሐፍ ይህ ግድግዳ ነበር።

ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ለጌጥ ብቻ የተሰቀለበት ዘመን የለም። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተአምረ ማርያም በበዓላት እንዲነበብ፣ የእመቤታችንም ሥዕል በክብር እንዲያዝ አድርገዋል። በዚያው ዘመን የነበረው መነኰስ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ጆሮ የሰማውን ታሪክ ዓይን እንዲያየው ንባቡና ሥዕሉ አብረው ይሄዱ ነበር። ኋላም በጎንደር ዘመን ሠዓልያን በሸማ ላይ እየሣሉ፣ ሸማውን በግድግዳ ላይ እየለጠፉ፣ አድባራቱን በታሪክ ሞሉ።

ሠዓልያኑ ማንበብ ለማይችል ተመልካች የሚሆን ምልክት በሥዕሉ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ይሣላሉ። አጋንንት፣ ከሐድያንና ጌታን የሚገርፉት ግን ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ታሪኩን የሚያውቅ ዐዋቂ ይህን ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ሕፃን ግን አያልፈውም። ብልህ አስተማሪ ስለዚህ ትርጕሙን አስቀድሞ አይናገርም። «ይህ ሰው ስንት ዓይን አለው? ያኛውስ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ሕፃኑ ቆጥሮ፣ አወዳድሮ፣ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ትምህርቱ ይጀመራል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የበላዔ ሰብን ሥዕል ያህል የሚመች ጥቂት ነው። ታሪኩ በተአምረ ማርያም የታወቀ ነው፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሠዓሊው የፍርዱን ሰዓት በሚዛን ይሥለዋል፤ በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፣ በሌላው ጥርኝ ውኃው አለ። እመቤታችን ጥላዋን በውኃው ላይ ስታሳርፍ ሚዛኑ ወደዚያ ያደላል። ሕፃኑን «የትኛው ይከብዳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ «ሰዎቹ» የሚል መልስ ያገኛል። «እስቲ ደግመህ እይ» ሲባል ሕፃኑ ሚዛኑን ያያል፤ ይደነቃል። ጥቂት ውኃ ይህን ሁሉ ነፍስ እንዴት ሊመዝን ቻለ? ይህ የሕፃን ጥያቄ የምሕረትና የአማላጅነት ትምህርት በር ነው። በሩን የከፈተው ስብከት አይደለም፤ ትኵር ብሎ ማየት ነው።

ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ (1674–1698 ዓ.ም.) የመሠረቱት የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴም ለዚህ ምስክር ነው። በጣሪያው የተሣሉት ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች ቀና ያለውን ሁሉ ቍልቍል ያዩታል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥሉ ይህ ደብር ተረፈ፤ ከእርሱ ጋርም ለልጅ ልጅ የሚታየው ተረፈ።

በባዕድ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ብዙ አጥቢያዎች በተከራዩት አዳራሽ ሲጀምሩ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ተጠቅልለው የሚነሡ የታተሙ ሥዕሎችን ሰቅለው ነው። በዚያ የሚያድገው ሕፃን የግእዙ ዜማ ይርቀዋል፤ የአማርኛውም ስብከት ከግማሽ በላይ ያመልጠዋል። ሥዕሉ ግን ለአያቱ የታየው ያው ሥዕል ነው። ወላጅ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ከአንድ ሥዕል ፊት ከሕፃኑ ቁመት ዝቅ ብሎ ቢቆምና «ምን ታያለህ?» ቢለው፣ ልጁ ባለው ቋንቋ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት «ሚዛን»፣ «ጥላ»፣ «ጥርኝ» የሚሉት ቃላት ከሚያያቸው ነገሮች ጋር ይገቡለታል፤ በዓይኑ ያየውን ቃል ደግሞ በቀላሉ አይረሳውም። በመጪው እሑድ ወደዚያው ሥዕል ሲመለስ ያላየውን ያያል።

ያልተጠየቀበት ሥዕል ግን ቀለም ሆኖ ይቀራል። አባቶች በእሳትና በስደት መካከል ያቆዩትን ግድግዳ፣ ልጆች አጠገቡ ቆመው ሳያውቁት ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ደብር የተመሠረተበትን በዓል ሲያከብር ካሳለፋቸው ዓመታት ጋር ሊቆጥረው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሥዕሎቹ ፊት ቆመው «ይህ ማን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው የጠየቁ፣ ታግሦ የሚሰማቸውም ሰው ያገኙ ሕፃናት ናቸው።