የሰባኪ ልጆች ታሪክና የዕድራችን ነገር



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ አባላት በየፊናቸው ሲጽፉ፣ እኛም የበኩላችንን እንድናቀርብ ኮሚቴው ስለ ጠየቀን፣ የወንጌል ሰባኪ ልጆች ሆነን ያደግንበትን ዘመን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ተነሣን። እኛ ስንል በአንድ ሰባኪ ቤት የተወለድነውን አምስት ልጆች ማለታችን ነው። ከአምስቱ ዛሬ በሕይወት ያለነው ሦስት ነን።

የምንጽፈው የሃይማኖት ክርክር ለማንሣት አይደለም። ክርክሩን በልጅነታችን ጠግበነዋል። በሀገራችን ከእርግማን ሁሉ የሚከፋው «ቀባሪ ያሳጣህ» የሚለው ነው። የሰባኪ ልጅ ይህን እርግማን ገና በልጅነቱ ያውቀው ነበር። ነገራችን ከዕድር ጋር የሚገናኘውም በዚሁ ነው።

እንደሚታወቀው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በዶክተር ላምቢ መሪነት ወደ ደቡብ የወረዱት በ1920 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ወላይታ ሶዶ ነበር። ጣልያን ሀገራችንን ወርሮ በ1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ፣ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ፈረንጆቹም ይህ ነገር እዚያው ይጠፋል ብለው ሳይሠጉ አልቀሩም። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው 10,000 ያህል ሰው ነው። ይህን ያደረጉት ፊደል እንኳ በቅጡ ያልቆጠሩ የሀገሬው ገበሬዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆኑት ዋንዳሮ ዳባሮ በጣልያን ዘመን በአደባባይ ተገርፈው ታስረዋል።

ታዲያ በመጽሐፍ የሚጻፈው የሰባኪው ግርፋት ነው። ሰባኪው ሲታሰር ልጆቹ ምን በሉ? የሚለውን ማንም አይጽፈውም።

ከነጻነት ወዲህ የወላይታ ምእመናን፣ በኋላ ቃለ ሕይወት የተባለችው ቤተ ክርስቲያን መሆናቸው ነው፣ ከመካከላቸው ሰባኪዎችን እየመረጡ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኩሎ፣ ወደ ከፋና ወደ አሪ ይልኩ ጀመር። ሰባኪው ብቻውን አይሄድም፤ ሚስቱንና ልጆቹን፣ ምጣዱንና ድስቱን ይዞ ነው። መንግሥትም በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ባወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ሀገሪቱን ለሁለት ከፍሎ፣ የኦርቶዶክስ ክርስትና በጸናበት ሀገር ሚሲዮን እንዳይሰብክ፣ ክፍት በተባለው ሀገር ግን እንዲሠራ ፈቀደ። የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። የወላይታ ሰባኪ ልጆች ጎፋ ደጋ ላይ ተቀምጠን «ሀ ሁ» ያልነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሕጉ በወረቀት እንዲህ ይበል እንጂ፣ ክፍት በተባለውም ሀገር በየከተማው መካከል የቆመችው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። መቃብሩም የእሷ ነው።

አባታችን ወደ ጎፋ የተላኩት በ1948 ዓ.ም. ነው። የተከራየነው ቤት አንድ ክፍል ሲሆን፣ በሳምንቱ የምንተኛበት ቦታ እሑድ ጸሎት ቤት ይሆናል። ቁርበቱ ተጠቅልሎ ግንድ ይደረደርና ሰው ይቀመጥበታል። ደመወዛቸው የወላይታ ምእመናን በቆሎውንም ቅቤውንም ሸጠው የሚያዋጡት ጥቂት ብር ነበር። እሱም አንዳንዴ ሦስት ወር ይዘገያል። ስለዚህ አባታችን በእኩል አራሽነት መሬት ይዘው ያርሱ ነበር። ለስብከት በእግር ሲወጡ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። ያን ጊዜ ከብት ጠባቂው እኛ፣ ውሃ ቀጂው እኛ፣ ለእንግዳ አልጋ ለቃቂውም እኛው ነን።

የሰባኪ ልጅ ከሰው ሁሉ ዓይን አያመልጥም። የሌላው ልጅ ከሰው ማሳ እሸት ቢሰርቅ አንድ ጊዜ ይገረፋል። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ባለ ማሳው፣ አንዴ አባታችን። ባለ ማሳው የሚገርፈን ስለ እሸቱ ሲሆን፣ አባታችን ግን «ነገ ምን ብዬ ልቁምበት?» እያሉ ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ «የሚሲዮን ልጅ»፣ ሲብስም «ጸረ ማርያም» እንባል ነበር። «ጴንጤ» የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው። የጥምቀት ዕለት ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ በአጥር ቀዳዳ እናይ ነበር። እናታችን አይተው እንዳላዩ ያልፉን ነበር።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የእኛም ሰዎች የጎረቤትን ተዝካር አንቀምስም፣ ጠላ ካለበት ድንኳን አንገባም እያሉ ራሳቸውን ያገለሉበት ጊዜ ነበር። አባታችንም በዚህ ጥብቅ ነበሩ። እናታችን ግን ዘዴ ነበራቸው። ተዝካር አይሄዱም፤ ሰው የሞተ ዕለት ግን ንፍሮ ቀቅለው፣ እንስራ ውሃ አዝለው ከሁሉ ቀድመው የሚደርሱ እሳቸው ናቸው። አባታችን ይህን ሲያዩ ዝም ይሉ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. የአራት ዓመት እኅታችን በኩፍኝ ሞተች። አባታችን በስብከት ጉዞ ላይ ነበሩ፤ ሰው ተልኮባቸው ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ደረሱ። ካህኑ ተጠየቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሕጉ አይፈቅድልኝም» ብለው እያዘኑ ተመለሱ። ባለ መሬቱም ተጠየቀ። እሱ ደግሞ «ዛሬ ከቀበራችሁ ነገ መሬቱ ይገባናል ትላላችሁ» አለ። በዚያ ዘመን መቃብር ያለው ሰው መሬት አለኝ ሊል ይችላልና ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሬሳው እስከ ማግሥቱ ቀትር እቤት ዋለ። እኛ ልጆቹ ዝንብ እንከላከል ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን መጻፍ አልቻልንም።

በመጨረሻ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን መጣች። ባሏ በሞተ ዕለት እናታችን ንፍሮ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ደርሰውላት ነበር። «ከጓሮዬ፣ ከእንሰቱ ጥግ ቅበሯት» አለች። የከተማዋ ዕድር ዳኛ ጡረታ የወጡ የሃምሳ አለቃ ነበሩ። አባታችን የዕድሩ አባል አልነበሩም። አንዳንዶቹ «ደንቡ አይፈቅድም» ሲሉ፣ የሃምሳ አለቃው «ደንቡ ጉድጓድ መቆፈር ክልክል ነው አይልም» ብለው ዶማቸውን ይዘው መጡ። ሌላውም ተከተላቸው። በወሩ አባታችን በዕድሩ ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲያ አባታችን ለቅሶ ድንኳን ሲገቡ ጠላ ይኑር አይኑር ጠይቀው አያውቁም።

እኛም ከስድስተኛ ክፍል በላይ መቀጠል አልሆነልንም፤ ከአውራጃው ከተማ ቤት ተከራይቶ ለመማር የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? በተላላኪነት ተቀጠርን። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በየክፍለ ሀገሩ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ ሰባኪዎች ታሰሩ። አባታችንም አራት ወር ታስረው ወጡ። በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን ተይዘው ተወሰዱና ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ያህል ታስረዋል። ልጆቻቸው ከአባትም ከእናትም ተለዩ። የሁለቱም አባቶች አጽም ተገኝቶ በክብር ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። አንደኛው ፓትርያርክ፣ ሌላው የወንጌላውያን ቄስ፤ 13 ዓመት ሙሉ ሁለቱም ቀባሪ አላገኙም።

በ1972 ዓ.ም. እኛ ለጽሕፈት ሥራ ተወዳድረን ቅጽ እንድንሞላ ተሰጠን። «የአባት ሥራ» የሚል መስመር ነበረበት። «ገበሬ» ብለን ጻፍን። ሥራውን አገኘን። አባታችን እንዴት እንደተቀጠርን ሲጠይቁ ያደረግነውን ነገርናቸው። «ውሸት አይደለም፣ አርሻለሁ እኮ» አሉና ዝም አሉ። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ከዚያ ወደ አርባ ምንጭ ተዛውረን በዚህ ሰፈር ዕድር ገባን። አባታችንንም ከጎፋ አምጥተን እኛው ጋ ተቀመጡ። በ1978 ዓ.ም. ሲያርፉ ጸሎት ቤቱ ታሽጎ ነበር። የሃይማኖት ጓደኞቻቸው በአደባባይ ተሰብስቦ መዘመር ይፈሩ ነበር። እንደ እኅታችን ሬሳ እቤት ይውላል ብለን ፈርተን ሳለን፣ ገና ሳይነጋ የዕድራችን ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ቃሬዛው መጣ። መስቀል በአንገቷ ያሰረችውም፣ ሙስሊሙም ተሸከሙ። የዚያን ዕለት ስም ጠሪ በየተራ ሲጠራ ከወንዶቹ አባላት የቀረው አንድ በሽተኛ ብቻ ነበር። ቅጣትን ፈርተው ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ፊታቸውን አይተናል።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ስንወጣ የግል ማኅደራችን ሲገለበጥ ያ ቅጽ ከነፊርማችን ተገኘ። «የአባት ሥራ፦ ገበሬ» ይላል። መዝገብ ቤት ሠርተናልና የተመዘገበ ነገር በቃል እንደማይታረም እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ መጽሔት በጽሑፍ እናርመዋለን፤ የአባታችን ሥራ ሰባኪ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ አንዳንድ አባላት «ዕድሩ በየሃይማኖቱ ይከፈል፤ ሁሉም የራሱን ይቅበር» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ክፋት አስበው ነው አንልም። ዛሬ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነጻነት ደንግጓል፤ አብያተ ክርስቲያናትም የራሳቸው ዕድር አላቸው። ሥርዓተ ቀብሩም በየእምነቱ ቢፈጸም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕድር በከተማ የተስፋፋው፣ በተለይም ከጣልያን ወረራ ወዲህ፣ ከየሀገሩ ተሰባስቦ ዘመድ የራቀው ሰው በጎረቤቱ እንዲቀበር ነው። ጎረቤት ደግሞ በሃይማኖት ተመርጦ አይገኝም። ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚሰማው ግድግዳ የሚዋሰን ነው። ዛሬ ብዙ ነን የምንል የጴንጤ ልጆችም አባቶቻችን ጥቂት በነበሩ ጊዜ ማን እንደ ቆፈረልን ባንረሳ መልካም ነው።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ «ዕድሩ ሃይማኖት ሳይለይ አባሉን ይቀብራል» የሚለው አንቀጽ እንዳይነካ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም ድምፅ ሲሰጥ ይህ እንዲታሰብልን በትሕትና እንጠይቃለን። የሞቱትን ነፍስ ይማር። ለሁላችንም ቀባሪ አያሳጣን።