ፉርጎውና የቶርኖው ሰው

የጨፋ ልጅ ስለ ባቡር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ ያደግነው በበጋ ወደ ቦርከና ረግረግ የሚወርደውን ከብትና ግመል ስንቆጥር እንጂ ፉርጎ ስንቆጥር አይደለም። ዳሩ ግን በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ፥ የኮምቦልቻና የሐራ ገበያ መስመር በእኛ በኩል ካለፈ ወዲህ ነገሩ የእኛም ሆኗል። ሐዲዱን አይተናል፤ ባቡሩን ገና እንጠብቃለን። እስኪመጣ ድረስ ታዲያ፥ የቀድሞው ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ነውር የለውም።

ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። ወደ ሐረር ተራራው አላስወጣ ስላለ ድሬዳዋ ከሜዳ ላይ በቀለች። በ2009 አዲሱ መስመር ሲመረቅ፥ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አሮጌ ባቡር ከቆመ ዓመታት አልፈው ነበር።

«አሮጌዎቹን በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን አይነዷቸውም?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም! የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፥ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። አሮጌው ሐዲድ ተነቅሎ ለቆራሌው ከተሸጠ፥ ፉርጎው የቆመ ሣጥን ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ባቡር ደግሞ እንደ ሐውልት አይደለም። እንጨቱ ይበሰብሳል፥ ቅባቱ ይደርቃል፤ መለዋወጫው ከገበያ ስለ ጠፋ አንዷ ብሎን እንኳ በእጅ መቀረጽ አለባት። ስለዚህ በድሬዳዋው ወርክሾፕ የቆሙት ቶርኖዎች ከሎኮሞቲቮቹ እኩል ቅርስ ናቸው፤ ቶርኖውን የሚያውቀው ሽማግሌም እንደዚሁ። የአስመራና የምጽዋን መስመር ተመልከቱ፤ በጦርነቱ ሐዲዱ ለምሽግ ተነቅሎ ነበር። ከ1986 ወዲህ ጡረተኞቹ ተጠርተው በ1995 ገደማ እንደገና ዘረጉት። ገንዘብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት ነበረ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የንጉሠ ነገሥቱ ሠረገላዎች፥ በ1922 በተመረቀው ለገሃር፥ ተጠብቀው ቆይተዋል፤ ይበል። ነጋዴዋ ከነዘንቢሏ የተጋፋችበት ሦስተኛ ማዕረግስ? የእኔ እናት ብትሳፈር የምትቀመጠው እዚያ ነበር።

በክረምቱ ወደ ድሬዳዋ የምትወርዱ ልጆች፥ ደብተር ያዙ። ሽማግሌዎቹን የመሣሪያዎቹን ስም ጠይቋቸው፤ ከነፈረንሳይኛው ጻፉት።