ጧሪ፣ ጡረታና አስታማሚ፦ የአረጋውያን እንክብካቤ ታሪክ ከዓይናለም ሲታይ

«ጡረታ» ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ቃሉ ግን ከመንግሥት መዝገብ ይቀድማል። ጦረ ማለት የደከመ ወላጅን አበላ፣ አለበሰ፣ አስታመመ ማለት ሲሆን፣ ሥሩ በግዕዝ «ተሸከመ» የሚል ትርጉም ካለው ጾረ ጋር ይዛመዳል። ትግርኛውም ጠወረ ይላል። ልጅ ስላልወለደ ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለውም» ሲባልም የሚነገረው ስለ ሐዘኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ኑሮው ዋስትና ጭምር ነው።

ቃሉ ወደ መንግሥት ቤት የገባው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛውና ወታደሩ በእርጅናቸው ዘመን አበል እንዲያገኙ ደነገገ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ተመሳሳይ ሕግ እስኪወጣላቸው ድረስ እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባቸው። ገበሬው ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። የእሱ ጡረታ መሬቱና ልጁ ናቸው።

ከመቀሌ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ዓይናለም ይህ ነገር ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ዓይናለም ለረጅም ዘመን የእንደርታ የገበሬ መንደር ነበረች። የከተማው ነዋሪ ይበልጥ የሚያውቃት ግን መቀሌን በሚያጠጡት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቿ ነው። በእንዲህ ያለ መንደር ጉልበታቸው የደከመ ባልና ሚስት መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ይሰጡና ከምርቱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ባሏ የሞተባት አሮጊትም የምትኖረው በዚሁ ነው። ከተማው እየሰፋ መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲወሰድ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት የሚከፈለው ካሣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ከተገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። ለወጣት ገበሬ ይህ ምናልባት የንግድ መነሻ ሊሆን ይችላል። ለሰባ ዓመት አዛውንት ግን በየዓመቱ የሚታደስ ጡረታ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ በእጅ የተሰጠ ያህል ነው። ገንዘቡን ለልጅ ማካፈል፣ ከልጅ ጋር መጣላት፣ ብሎም በገዛ ግቢ ጥገኛ መሆን ከዚህ ይከተላል። ከመሬት ጉዳይ የመነጨ ቢሆንም የዚህ ውጤት ዞሮ ዞሮ ከጤና ባለሙያው ጠረጴዛ ይደርሳል።

ልጁም ቢሆን ሁልጊዜ አልተገኘም። በ1977ቱ ረኀብ ወደ ሱዳን የተደረገውን ረጅም ጉዞ ያልቻሉ አዛውንቶች ከቀያቸው ቀርተዋል። የምግብ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ክብደትና ቁመት ሲለኩም ትኩረታቸው ሕፃናት ላይ ነበር። (ጀርባው የጎበጠ ሽማግሌ ቁመቱ በትክክል ስለማይለካ፣ ዛሬም ቢሆን የክንድ ዙሪያ መለኪያ ይሻለዋል።) የአሥራ ሰባቱ ዓመት ጦርነት ብዙ ጧሪዎችን ወሰደ። ከዚያ ኤችአይቪ መጣና አያቶችን የልጅ ልጅ አሳዳጊ አደረጋቸው።

መንግሥት በበኩሉ ወረቀት አላጣም። በ1974 ዓ.ም. በቪየና፣ በ1994 ዓ.ም. በማድሪድ ዓለም አቀፍ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብሮች ጸደቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አረጋውያንን ለመንከባከብ አቅም በፈቀደ መጠን ገንዘብ እንዲመደብ ይደነግጋል። የልማታዊ ማኅበራዊ ደኅንነት ፖሊሲ በ1989 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብርም ተከተለ። በትግራይ ግን ከወረቀት ያለፈ ሙከራ ነበረ። በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ የክልሉ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ከዩኒሴፍ ጋር በመሆን በአብይ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች ወርኃዊ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። መነሻው 155 ብር ነበር። ተረጂዎችን በመለየቱ ሥራ የማኅበረሰብ እንክብካቤ ጥምረቶች ድርሻ ነበራቸው። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር መቀሌ ከአሥራ አንዱ ከተሞች አንዷ ሆና መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ደረሰ።

ገንዘብ ግን አልጋ ላይ የወደቀን ሰው አያገላብጥም። ይህን የሚሠራው በአብዛኛው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በእናቶች፣ በሕፃናት፣ በንጽሕናና በተላላፊ በሽታዎች ላይ በማተኮሩ ብዙ ሕይወት አድኗል። በአሥራ ስድስቱ ፓኬጆች ውስጥ ግን ለአረጋዊ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ባለሙያዋ ወደ ግቢው ስትገባ የሕፃኑን ክትባትና መጸዳጃ ቤቱን ታያለች። በጓዳ የተኙት አያት ቁስል በቅጿ ላይ ቦታ የለውም።

ቤተሰቡም የመርሳት በሽታን በሽታ አይለውም፤ «ጃጅተዋል» ይላል። በዚህ የተነሣ አዛውንቱ በድንገት መቀባዠር ሲጀምሩ፣ መነሻው በቀላሉ የሚታከም የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሊሆን ሲችል፣ እንደ እርጅና ተቆጥሮ ቀናት ያልፋሉ። ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ አስታማሚ ይጠየቃል። በ2000 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን ዓይደርን ጨምሮ በሀገራችን ሆስፒታሎች ማብላት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥና መድኃኒት ገዝቶ መምጣት በአመዛኙ የአስታማሚ ሥራ ነው። የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አረጋዊት አስታማሚ ከሌላቸው ነርሷ ከሌሎች ሕሙማን ጊዜ ሰርቃ ታገላብጣቸዋለች፤ ካልቻለች የመኝታ ቁስል ይወጣል፣ ወቀሳውም በእሷ ላይ ይወድቃል። አስታማሚዋ በበኩሏ የቀን ሥራዋን ታጣለች። ሕክምናው ሳያልቅ «ወደ ቤት እንውሰዳቸው» የሚል ቤተሰብ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ከግዴለሽነት ጋር ከማምታታት ያድናል።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ጧሪን፣ ጡረታንና አስታማሚን በአንድ ላይ መታ። ከሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋረጡ። አበል ያላቸው ጡረተኞች አበላቸውን፣ በውጭ ሀገር ልጅ ያላቸው የሚላክላቸውን ማግኘት አልቻሉም። ኢንሱሊንና የደም ግፊት መድኃኒት ጠፋ። የጤና ባለሙያዎችም ያለ ደመወዝ እየሠሩ የየራሳቸውን ወላጆች ይጦሩ ነበር። ለታካሚው የጠፋው መድኃኒት ለሐኪሙ እናትም ጠፍቶ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ባንኮች ተከፈቱ፤ መድኃኒትም ቀስ በቀስ ገባ። በመቀሌ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉ ተፈናቃዮች መካከል ግን ከመሬታቸውም ከልጆቻቸውም የተለዩ አረጋውያን ነበሩ። እንዲህ ያሉ አረጋዊ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ «አስታማሚዎ ማን ነው?» ቢባሉ የሚጠቁሙት በአጠገባቸው ምንጣፍ ላይ የሚተኛውን የቀድሞ ጎረቤታቸውን ሊሆን ይችላል፤ እሱም በዕድሜ ከእሳቸው ብዙ የማያንስ።