ሮማ ቀድማ ብታውቅ ኖሮ

በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን፣ «አቶሚክ ቦምብ በጦርነቱ ዘመን ቀድሞ በሙሶሊኒ እጅ ቢገባ ኖሮ ቡሬ ምን ትሆን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ስንል ነገሩን ብንመረምረው የሚያሥቅ ሆኖ አላገኘነውም።

በ1926 ዓ. ም. ፕሮፌሰር ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ በሮማ ዩራኒየምን በኒውትሮን ይመቱ ነበር። የአቶሙ እምብርት ሲሰነጠቅ እነርሱ ግን አዲስ ንጥረ ነገር ያገኙ መሰላቸው። ምስጢሩ የተገለጠው ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1931 ዓ. ም. በበርሊን ነው። ፌርሚም ሚስቱ አይሁዳዊት ነበረችና፣ የሙሶሊኒን የዘር ሕግ ሸሽቶ በዚያው ወር ወደ አሜሪካ ተሳፈረ። ኅዳር 23 ቀን 1935 ዓ. ም. በቺካጎ የመጀመሪያውን የአቶም ሪአክተር ያስነሣው ይኸው ሰው ነው።

እንግዲህ ሮማ ምስጢሩን በ1926 ብትደርስበት፣ ለሥራው የሚበቃውን ገንዘብና ፋብሪካ ከየት ታመጣ ነበር? ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለጸጋዪቱ አሜሪካ እንኳ እስከ 1937 ዓ. ም. ደክማበታለች፤ ሂሮሺማ ሐምሌ 30 ቀን ስትነድድ ጀርመን እጅዋን ከሰጠች ሦስት ወር ሆኖ ነበር። በርሊን ለጥቂት ተረፈች።

እኛን ያሳሰበን ግን ከፋብሪካው ይልቅ የሰውዬው ልብ ነው። ኢጣልያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1917 ዓ. ም. የጄኔቭ ውል ፈርማለች። ሆኖም በታኅሣሥ 1928 ዓ. ም. የጎጃሙ ገዥ ራስ እምሩ ከጦራቸው ጋር በተከዜ ሳሉ፣ አውሮፕላኖች በርሜል የሚመስል ነገር ጣሉ። በርሜሉ ሲሰበር ቀለም የሌለው ፈሳሽ ተረጨ፤ የነካው ሁሉ እጁም ፊቱም ተቃጠለ፤ ከወንዙ የጠጡትም ወድቀው ሲጨነቁ ዋሉ። እነዚህ የአገራችን የጎጃም ሰዎች ነበሩ።

ወደ ቡሬ እንመለስ። በየካቲት 1933 ዓ. ም. በምሽጉ ብዙ ሺህ ወታደር ነበረ። ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር የመጣው የጌዴዎን ጦር በቍጥር እጅግ ያንስ ነበር፤ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት እየተኮሰ፣ በድምፅ ማጉያም እየተጣራ ብዙ መስሎ ታየ። የአርበኞቹም ነገር ጠላትን ያስጨንቀው ነበር። ኮሎኔል ናታሌ ተታለለና የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደምበጫ አመራ።

እዚህ ላይ ክፍላችን በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ፣ «ቦምብ ቢኖረውም የራሱ ጦር በምሽጉ ሳለ አይጥለውም» አለ። ገሚሱ ደግሞ፣ «ጦሩ ደምበጫ ከደረሰ በኋላ በቡሬ ላይ ይጥለው ነበር» ሲል መለሰ። የተከዜን ነገር ስላነበብን እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነን።